በጋሽ መንበሩ ስም

1

አሳላቸው።

ደግፌ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከሦስተኛው በኋላ ጋሽ መንበሩ አፋቸውን በመሐረብ ጠርገው ስለ ሙቀቱ የጀመሩትን ወሬ ቀጠሉ። ደግፌ ወሬውን አልሰማም። አራተኛውን ሳል እየጠበቀ ነበር። ውጭ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ነጭ ፔጆ 504 ቆማለች። ሽማግሌውን ባሳላቸው ቁጥር ዓይኑ ወደ እሷ ይሄዳል፤ ሳሉ ከሞተሯ የወጣ ይመስል።

አራተኛው አልመጣም።

2

ከመኪናዋ ሊብሬ፣ ማለትም ከባለቤትነት ደብተሯ፣ የተቀዳ፦

የባለቤት ስም፦ መንበሩ አይችሉህም
ዓይነት፦ ፔጆ 504
የተሠራችበት ዘመን፦ 1974 እ.ኤ.አ.
ቀለም፦ ነጭ
አገልግሎት፦ የግል

ሊብሬው ቦታ ያላበጀላቸው ጥያቄዎች፦

ገንዘቡን የከፈለው፦ ደግፌ
ገንዘቡ የማን ነበር፦ የደግፌና የሚስቱ የትርሲት
ለምን የተጠራቀመ፦ ለቤት መሥሪያ
በስንት ዓመት የተጠራቀመ፦ በስምንት
አሁን የሚነዳው፦ ደግፌ
አሁን የሚፈራው፦ ደግፌ

3

ደግፌ ድሬዳዋ ውስጥ፣ በአንድ የግል ክሊኒክ፣ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። ሥራው ደም መቅዳትና ማሽኑ የሚሰጠውን ቁጥር መጻፍ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ያቺ ነጭ ፔጆ በክሊኒኩ መስኮት ሥር በእግረኛ ፍጥነት ታልፍ ነበር። ደግፌ መርፌውን በእጁ እንደያዘ አንገቱን ያዞራል። በሽተኛው ክንዱን ዘርግቶ ይጠብቃል። መኪናዋ ጥግ ዞራ እስክትሰወር ድረስ በዚያ ክፍል ውስጥ ደም አይቀዳም።

ባለቤቷ ጋሽ መንበሩ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ሚስታቸው ሞታለች፤ አንድ ልጃቸው ሱዛን ጅቡቲ ነው የምትኖረው። ስኳር ዓይናቸውን ሲያደክመው መንዳት ተዉና መኪናዋን ሸራ አለበሷት። ደግፌ ሊገዛ በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ጠየቃቸው፤ አራት ጊዜ ሻይ አጠጥተው ሸኙት። በአምስተኛው ግን፣ ጠዋት ጠዋት ሳያሞቃት እንደማይነሳ ከማለላቸው እንዲወስዳት ነገሩት። ማለ። ዋጋውን የተነጋገሩት ከመሐላው በኋላ ነው።

ስም ማዛወሩ ቀረጥ አለው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነጂብ፣ እሱም ከቤቱ በላይ የሚወዳት አንዲት ፔጆ ያለችው ሰው፣ ስለ ቀረጡ ሲሰማ እጁን አወናጨፈ። ውክልና ይበቃል፤ ሽማግሌው መንዳትም፣ መሸጥም፣ ማዛወርም ይችላል ብለው ይፈርሙልሃል፤ ግማሹ ድሬ የሚነዳው በሰው ስም ነው አለው። ጋሽ መንበሩ ፈረሙ። ደግፌም ለስም ማዛወሪያ ያሰበውን ሰባ ሺህ ብር ፖስታ ውስጥ አስገብቶ በላዩ ላይ «ለስም» ብሎ ጻፈበት።

ሲመቸው ሊሄድ።

4

ደግፌ ለትርሲት የደረደራቸው ምክንያቶች፦

ብር ባንክ ተቀምጦ ይሟሟል፤ መኪና ግን በእኛ አገር ባረጀ ቁጥር ይወደዳል። (ሀ)

ልጅቷ በባጃጅ ትምህርት ቤት ስትመላለስ አቧራው ደረቷን እየጎዳት ነው። (ለ)

መሬት የትም አይሄድም፤ ይህችን መኪና ግን ሌላ ሰው ይወስዳታል። (ሐ)

ሁለት ዓመት ነድተን ብንሸጣት በትርፏ ቤቱን እንጨርሳለን። (መ)

አባቴ መኪና ሳይኖረው ነው የሞተው። (ሠ)

የግርጌ ማስታወሻዎች፦

(ሀ) እውነት ነው፤ ሊሸጥ ላሰበ ሰው።

(ለ) ልጅቷን ያመማት አንድ ጊዜ ነው። እሱም ጉንፋን ነበር።

(ሐ) መሬቱ በዓመቱ ዋጋው እጥፍ ሆነ።

(መ) ይህን እየተናገረ እንኳ እንደማይሸጣት ያውቅ ነበር።

(ሠ) አባቱ መኪና አምሮት አያውቅም። ብስክሌት ነበረው፤ ደስተኛ ሰው ነበር።

ትርሲት አምስቱንም ሰምታ ስታበቃ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። «በሁለታችን ስም ነው አይደል?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

5

እሁድ ረፋድ ላይ፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር፣ አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ከውጭ ላየው ቀልድ ይመስላል፤ አሥር ጎልማሳ ወንዶች በአንድ ሞተር ላይ አጎንብሰው አንዲት ብሎን ሲያደንቁ። ሥርዓት ግን አላቸው። ሚስት ባለችበት «ስንት ወጣብህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። አዲስ የገባ ዕቃ ሁሉ «በአጋጣሚ በርካሽ የተገኘ» ነው። ነጂብ ራዲያተሩን ከአጎቱ የተሰጠው ስጦታ ነው ብሎ ሚስቱን ካሳመነ ሦስት ዓመቱ፤ ሚስቱ በየበዓሉ አጎቱን ትመርቃለች።

ከሥርዓቱ ሁሉ የጠነከረው ግን ያልተነገረው ነው። እዚያ ኮፈን ይከፈታል፤ ሊብሬ አይከፈትም።

መኪናዋ በተገዛች በሁለተኛው ወር አንድ ሰው ከጅቡቲ ያልተነካ ኦሪጅናል ካርቡሬተር አመጣ። ደግፌ አንድ ሌሊት አሰበ። እንዲህ ያለ ዕቃ ሁለት ጊዜ አይገኝም፤ ስም ማዛወር ግን መሥሪያ ቤቱ እስካለ ድረስ ይገኛል። ፖስታውን ከፈተ። በትርፍ ሰዓት እየሠራ መልሶ ሞላው። ያኔ ከፊትም ከኋላም የሚገጠም፣ ፊት የሚያሳይ ባለ ኒኬል ፓራውልት ተገኘ። ፓራውልት የሌላት ፔጆ ጥርሷን እንዳወለቀች ሴት ናት ተባለ፤ ፖስታው ጎደለ። እንደገና ሞላ። ያኔ ደግሞ የጎማ ቸርኬዎች መጡ።

ሦስት ጊዜ ሞላ፤ ሦስት ጊዜ ጎደለ። መኪናዋ አማረች። ስሟ የሰው ሆኖ ቀረ።

6

(በዚህ ቁጥር ሥር ደግፌ ሄዶ ስሙን ማዛወር ነበረበት።)



7

አንድ እሁድ ነጂብ ዳሽቦርድ ሥር ተጋድሞ ሽቦ እየቀጠለ የአንድ ሐረሬ ወዳጁን ነገር አወራ። ሰውየው በውክልና አንድ ላንድሮቨር ገዛ፤ ሻጩ ሞቱ፤ በሦስተኛው ሳምንት አራት ወራሾች መጡ። መኪናው ዛሬ ጎማው ተንፍሶ በአንድ ግቢ ቆሟል፤ ዶሮ እየፈለፈለችበት ነው። ደግፌ ሊያቀብለው የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። ውክልናውስ ብሎ ጠየቀ።

«ውክልና ከሰጪው ጋር ነው የሚቀበረው» አለ ነጂብ፣ ከሥር ሆኖ። «ያንተው ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ሰባ ዘጠኝ።»

ነጂብ ከዳሽቦርዱ ሥር ወጣ። የደግፌን ፊት አይቶ ሳቀ፤ ሳቁን ግን ቶሎ ዋጠው።

«እንግዲህ ምን ታደርገዋለህ አቦ፤ የመኪናዋን ዘይት ተውና ሽማግሌውን ሰርቪስ አድርግ።»

8

የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው በሕይወት ለማቆየት፦

ማክሰኞና ዓርብ ሂድ። ባዶ እጅህን አትሂድ፤ ማንጎ ግን አትውሰድ፣ ስኳር አለባቸው።

ከቤትህ ጨው ያልነካው ምግብ አስቋጥር።

በሩን አንኳኩተህ መልስ ካልመጣ እስከ ሃያ ቁጠር። ሃያ አትደርስም። በመስኮት አጮልቅ።

መታጠቢያ ቤታቸው ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፍ። ስንት ሽማግሌ ጦርነት አልፎ በሳሙና ውኃ አልቋል።

ስለ መኪናዋ ሲጠይቁህ መልስ። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጠዋት ስታስነሳት ምን ትላለች? ትንሽ አጉረምርማ ትነሳለች በላቸው። ደስ ይላቸዋል። ደስታ ዕድሜ ይጨምራል ይባላል።

እንዳንተ ያለ ልጅ አልወለድኩም ሲሉህ መሬት መሬት እይ።

በወር አንድ ጊዜ ደማቸውን ቅዳ። ሆስፒታል አይወዱም፤ ያንተን መርፌ ግን አያምም ይላሉ። ብልቃጡን በደረት ኪስህ ይዘህ ወደ ክሊኒኩ ስትመለስ ቀስ ብለህ ንዳ። ኪስህን ያሞቀዋል።

አትልመዳቸው።

(የመጨረሻውን መመሪያ ደግፌ በሁለተኛው ወር ጣሰው። ማክሰኞ ሲቃረብ የሚነግራቸውን ወሬ ሲያጠራቅም ራሱን አገኘው። ፍርሃቱ ግን አልቀነሰለትም፤ ሁለት ሆነበት እንጂ።)

9

ሰው ሲሞት የዕድር ጥሩምባ ጎህ ሲቀድ ይነፋል። ደግፌ ድሮ ጥሩምባውን በእንቅልፍ ልቡ ሰምቶ ይገላበጥ ነበር። አሁን ከጥሩምባው ቀድሞ ይነቃል።

በጥር መጨረሻ አንድ ንጋት ተነፋ። ከምድር ባቡር ቤቶች አቅጣጫ ነበር። ደግፌ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ወጣ። መኪናዋን ሳያሞቅ ነዳት፤ መሐላውን ያፈረሰው ያን ቀን ብቻ ነው። ደረቅ የሆነውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ተሻግሮ ሲደርስ በጋሽ መንበሩ ሰፈር ድንኳን እየተተከለ ነበር።

ከእሳቸው ቤት ሦስተኛው ግቢ። የሞቱት አንድ የድሮ ባቡር ነጂ ነበሩ።

ደግፌ ከመሪው ላይ ግንባሩን አሳርፎ እግዚአብሔርን አመሰገነ። ቀና ሲል የሟች ልጅ፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት፣ በመስኮቱ በኩል ቆማ ታየዋለች። ለለቅሶ የመጣ መስሏት እጁን ያዘችው። አለቀሰላት። ዕንባው እውነተኛ ነበር፤ ለማን እንደሆነ ግን እሱም አልለየውም።

10

ትርሲት ምሳ ዕቃውን የምታሰናዳው ራሷ ነች። ጨው የሌለው ሩዝ፣ ጨው የሌለው ምስር። ባሏ አንድን ብቸኛ ሽማግሌ እንደ አባት እንደሚጦር ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች፤ ሴቶቹ በመንገድ ሲያገኙት ይመርቁታል። እያንዳንዱ ምርቃት ጀርባው ላይ እንደ ድንጋይ ያርፋል።

አንድ ጠዋት ምሳ ዕቃውን እየከደነች ሊብሬውን ሊያሳያት ጠየቀችው።

«ምን ልታደርጊበት?»

«ምንም። ስሜን በንብረት ወረቀት ላይ አይቼው አላውቅም፤ ልየው ብዬ ነው።»

ለዓመታዊ ምርመራ አስገብቼዋለሁ አላት። ምርመራው ካለፈ አራት ወሩ ነው።

11

መንበሩ አይችሉህም፤ ክሪያቲኒን

(ኩላሊት ማጣራት ሲያቅተው በደም ውስጥ የሚከማች ነገር ነው። ከ1.3 ባይበልጥ ደግ ነው።)

ጥቅምት   1.6
ኅዳር   1.8
ታኅሣሥ   1.9
ጥር   2.4
የካቲት   6.1

ደግፌ ያንኑ ደም መልሶ አስገባ። 6.1። ብልቃጡን ለውጦ ደገመ። 6.2። ማሽኑን ጠረጠረው። በሩን ዘግቶ እጅጌውን ሰበሰበና የራሱን ደም ቀድቶ አስገባ።

0.9።

ማሽኑ ደህና ነው።

12

ፈራ።

13

አንባቢ እዚህ ላይ ደግፌን ለመጥላት ይቸኩል ይሆናል። እኔም ይህን ቁራጭ ስጽፍ ቸኩዬ ነበር፤ ቀድጄ ደግሜ ጻፍኩት። ሰውየው ክፉ አይደለም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያሰበው እንዲህ ነው።

ቁጥሩን ከተናገረ ሱዛን ከጅቡቲ ትመጣለች። አባቷን ለኩላሊት እጥበት ርቆ ወዳለ ሆስፒታል ትወስዳቸዋለች። እዚያ ቢድኑ እሰየው። ባይድኑ ውክልናው እዚያው አብሮ ያልፋል፤ መኪናዋም፣ ስምንቱ ዓመትም፣ ትርሲት ፊት የሚቆምበት ፊትም አብረው ያልፋሉ።

ቁጥሩን ካልተናገረ አንድ ሳምንት ያስፈልገዋል። ነጂብ ፓራውልቱን፣ ካርቡሬተሩንና ቸርኬዎቹን ሊገዛ ተስማምቷል፤ ለስሟ ሲል አካሏን ይሸጣል ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱ ምርመራ፣ ግምት፣ ክፍያ፣ ዝውውር ብሎ በሳምንት ይጨርሳል።

ቁጥሩን የሚያውቁት ማሽኑና እሱ ብቻ ናቸው።

እንዲህ ያለ ኩላሊት ሳምንት ይታገሣል? ደግፌ ባለሙያ ነው፤ መልሱን ያውቃል።

አንዳንዱ።

14

ማክሰኞ። ነጂብ ፓራውልቱን ፈታ። ደግፌ ብሎኑ ሲጮኽ ጥርሱን ነከሰ። ጋሽ መንበሩ ዘንድ ደረሰ። ምግብ ሁሉ ብረት ብረት እያለኝ ነው አሉት። «ሙቀቱ ነው ጋሼ» አላቸው።

ረቡዕ። ቀኑ ባይሆንም ሄደ። ጫማቸው እንቢ አላቸው፤ እግራቸው አብጧል። ደግፌ አውራ ጣቱን ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጫን አድርጎ አነሳው። የጣቱ ጉድጓድ ሳይሞላ ቀረ። «ሙቀቱ ነው።»

ሐሙስ። መኪናዋ በአሮጌው ካርቡሬተር እየተንጠባጠበች ምርመራውን አለፈች።

ዓርብ። ዋጋ ገማቹ የለም፤ አማቱ ሞተውበት ቀብር ሄዷል። ሰኞ ና ተባለ። ደግፌ መስኮቱ ፊት ቆሞ ቀረ። ከኋላው ያሉት ተሰላፊዎች ትከሻውን ነኩት።

ቅዳሜ። ስቅታ ያዛቸው። ከቁርስ እስከ ምሳ አልለቀቃቸውም። ሰው ስሜን እያነሳ ይሆናል ብለው ቀለዱ። ደግፌ የስቅታውን ምክንያት ከመጽሐፍ ያውቀዋል፤ ገጹ ሳይቀር ፊቱ ላይ ድቅን አለበት። «ሙቀቱ» አለ። «ነው» የሚለው አልወጣለትም።

እሁድ።

15

እሁድ፣ ጠዋት አራት ሰዓት፣ የጋሽ መንበሩ ሳሎን። ጋሽ መንበሩ ፍራሽ ላይ በትራስ ተደግፈዋል። ስልካቸው ድምፁ ተለቅቆ ጠረጴዛ ላይ ነው። ደግፌ በሩ አጠገብ ቆሟል።

ጋሽ መንበሩ፦ ግባ፣ ተቀመጥ። ሱዛን መስመር ላይ ናት። ስትሰማ ትስማ።

ደግፌ፦ እንደምን አደርሽ ሱዛን።

ሱዛን፦ እንደምን አደርክ። የአባዬ ድምፅ ልክ አይደለም፤ አንተ እንዴት ታየዋለህ?

ጋሽ መንበሩ፦ ድምፄን ተይው። ደግፌ፣ እኔ አርባ አንድ ዓመት የምድር ባቡር ወረቀት ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ውክልና መቼ እንደሚያበቃ አንተ ሳትወለድ አውቀው ነበር።

ደግፌ፦ (ያቀረቅራል)

ጋሽ መንበሩ፦ ስለ እሷ ብለህ እንደምትመጣ አውቃለሁ። አታቀርቅር። ሰው በምንም ይምጣ፣ ከመጣ መጣ ነው። ሌላ ማን መጣልኝ?

ሱዛን፦ ስለ ማን ነው የምታወሩት? አባዬ፣ መኪናዋን ሸጥካት እንዴ?

ጋሽ መንበሩ፦ ኋላ እነግርሻለሁ።

ሱዛን፦ ለእኔ ነው የምትቀረው ብለኸኝ አልነበር?

ጋሽ መንበሩ፦ ኋላ አልኩሽ እኮ። (ስቅታ) ስማኝ ልጄ። ነገ ሰኞ ነው። ደህና ከሆንኩ አብረን እንሄዳለን። በእሷው ትወስደኛለህ። እኔ ራሴ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ፊት ቆሜ እፈርማለሁ፣ ስሙን ትቀበላለህ፤ ማንም አያመላልስህም። (ስቅታ) ደህና ካልሆንኩ ደግሞ ሱዛን ዛሬውኑ መንገድ ትጀምር። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን አላውቅም፤ የመኪናዋን ነገር እናንተው ትነጋገሩበታላችሁ።

ደግፌ፦ ጋሼ፣ ሙቀቱ...

ጋሽ መንበሩ፦ ሙቀቱን እንኳ ሰባ ዘጠኝ ዓመት አውቀዋለሁ።

(ስቅታ። ስቅታ።)

ሱዛን፦ ደግፌ፣ ደሙን ወስደሃል አይደል? ውጤቱ ደርሷል?

ጋሽ መንበሩ፦ ሁልጊዜ በማግስቱ ነበር የምትነግረኝ። የየካቲቱ ግን ሳምንት ፈጀብህ። እኔም ሳልጠይቅህ ቀረሁ፤ ፈርቼ ነው። አሁን እጠይቃለሁ። ስንት ነው ቁጥሩ?

ደግፌ፦ . . . . . . . . . .